የአቴቴ ዘፈን ደራሲ ማን ነው?

በአርሲ ደጋ ስለ ሴቶች የኅብረት ድርሰትና ስለ አመዘጋገቡ የቀረበ አስተያየት

፩

ስለ አገራችን የቃል ሥነ ጽሑፍ የተጻፉትን መጻሕፍት የሚያገላብጥ ሰው ደጋግሞ የሚያገኘው አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ደራሲው ያልታወቀ» የሚለው ነው። ዘፈኑ ከተጻፈ፣ ትርጓሜው ከተሰጠ፣ የተሰበሰበበትም ስፍራ ከተመለከተ በኋላ የደራሲው ቦታ በዚህ ቃል ይሸፈናል፤ ወይም «የሕዝብ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ለብዙ ዘፈኖች ይህ አነጋገር ከባድ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። በአርሲ ደጋ የሚኖሩ የኦሮሞ ሴቶች አቴቴ በሚሉት ሥርዐት ላይ ለሚዘፍኑት ዘፈን ግን ጉዳት ያመጣል ብለን እናምናለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ስለ አቴቴ የጻፉት ሊቃውንት እያንዳንዳቸው ምን እንዳተረፉልንና ምን እንደ ሰወሩብን መመርመር፣ ወደ ፊት የሚጽፉትም ተማሪዎች ምን ብለው ሊጠይቁ እንደሚገባቸው ማመልከት ነው።

ሐሳባችንን አስቀድመን ባጭሩ እንግለጽ። የአቴቴ ዘፈን ደራሲ ያጣ ዘፈን አይደለም። ደራሲዎቹ ከልዩ ልዩ ጎሣና ከልዩ ልዩ ስፍራ በጋብቻ መጥተው በአንድ አገር የተገናኙ ሴቶች ናቸው፤ ከየትውልድ ስፍራቸው ያመጡትን አዋጥተው በአንድ ላይ ይደርሳሉ፤ ሲደርሱም የአንዲቱ ቃል ከሌላይቱ ቃል እንዳይለይ አድርገው ይደርሳሉ። የስማቸው መሰወር እንግዲህ የዘፈኑ የአሠራር ጥበብ ነው። ይህን ጥበብ ያላየ ተመራማሪ ዘፈኑን ቢጽፍም ሥራውን አልጻፈም።

፪

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ሥርዐቱን በመጠኑ መግለጽ ያስፈልጋል። አሰላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከእርስዋ ወደ ደቡብ በበቆጂ በኩል፣ ዛሬ በምዕራብ አርሲ ዞን ውስጥ እስከሚገኘው እስከ ኮፈሌ ድረስ የሚዘረጋው ደጋ ገብስና ስንዴ የሚዘራበት፣ ከብትም የሚረባበት አገር ነው። የአርሲ ኦሮሞ ሲኮና መንዶ በሚባሉ በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላል፤ ከእነዚህም ብዙ ጎሣዎች ይወጣሉ። ሰው ከገዛ ጎሣው ማግባት ነውር ስለ ሆነ፣ ሙሽራይቱም ወደ ባልዋ አገር ስለምትሄድ፣ በአንድ መንደር ያሉት ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ የሥጋ ዘመዳሞች ሲሆኑ ሚስቶቻቸው ግን ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው።

በሠርግዋ ቀን እናትዋ ሲንቄ የተባለውን ቀጭን በትር ትሰጣታለች። ይህ በትር ያገባች ሴት ክብር ምልክት ነው። አርሲዎች የተከበረውንና ሊደፈር የማይገባውን ነገር ዋዩ ይሉታል፤ ሲንቄም፣ ሲንቄ የያዘችውም ሴት ዋዩ ናቸው። በመንገድ ላይ ሲንቄ ይዘው የሚሄዱ ሴቶችን አቋርጦ ማለፍ አይገባም፤ ጠበኞች ሲጋደሉ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ቢቆሙ ጠቡ መቆም አለበት።

አቴቴ የሚቆምበት ምክንያት ብዙ ነው። ዝናብ ሲዘገይ፣ ሰውን ወይም ከብትን በሽታ ሲገባው፣ ሴት መውለድ ሲቸግራት፣ ወይም ወልዳ በሰላም ስትገላገል ሴቶች ለልመናና ለምስጋና ይወጣሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን የሥርዐቱን ኀይል የሚያሳየው ስለ በደል የሚደረገው አቴቴ ነው። ባል ሚስቱን ቢመታ፣ ይልቁንም ቀነፋ የተባለውን የአራስነት ምልክት በግንባርዋ አስራ ሳለች እጁን ቢያነሣባት፣ ወይም ሰው እናቱን ቢያዋርድ፣ የተበደለችው ሲንቄዋን ይዛ ከቤትዋ ወጥታ ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰማች ያገባች ሴት ሁሉ ሥራዋን እንደ ያዘች ጥላ፣ የራስዋን ሲንቄ ይዛ መውጣት አለባት። ከተሰበሰቡ በኋላ ርጥብ ሣር ይዘው ወደ በዳዩ ደጅ ይሄዳሉ፤ በዚያም ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ወቀሳም ስድብም ልመናም አለበት። በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ሲጠይቅና ከብት ሲያርድ በዚያው አፋቸው ይመርቁታል፤ አሻፈረኝ ካለ ግን እርግማናቸው ይጠብቀዋል፤ እርግማናቸውንም የማይፈራ ሰው ጥቂት ነው።

ዘፈኑ በአውራጅና በተቀባይ የተሠራ ነው። አንዲቱ ስታወርድ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ከዚያ ሌላይቱ ታወርዳለች። ለጆሮ ቀላል የሚመስለው ይህ አሠራር ከዚህ በታች እንደምናሳየው የጉዳዩ ሁሉ ቍልፍ ነው።

፫

ስለ አቴቴ ቀድመው የጻፉት የውጭ አገር ሰዎች ሥርዐቱን ሳይሆን ስሙን ነበር የያዙት። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ስለ ኦሮሞ እምነት ሲጽፉ አቴቴን እንደ አንዲት ሴት አምላክ ቈጥረው፣ ከእርስዋም ጋር ኦግሊ የተባለውን ወንድ አምላክ አጣምረው አቀረቡ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ተቀብለው አቴቴን «የመራባት አምላክ» እያሉ ጻፉ። በአማርኛ ተናጋሪውም ዘንድ ስሙ ከዛር ጋር ተያይዞ የሚታወቅ ስለ ሆነ፣ የአገራችን አንባቢ ይህን አነጋገር ሲያገኝ እንግዳ አልሆነበትም።

በልዩ ልዩ የኦሮሞ አገሮች ስሙ ልዩ ልዩ ነገር ሊያመለክት እንደሚችል አንክድም። ነገር ግን በአርሲ ደጋ አቴቴ ማለት በመጀመሪያ ሴቶች የሚያደርጉት ነገር ነው፤ መውጣታቸው፣ መሰብሰባቸው፣ መዝፈናቸው አቴቴ ይባላል። ሥራን የሚያመለክት ስም ወደ አምላክ ስም ሲለወጥ የሠሪዎቹ ድካም ለአምላኪቱ ይሰጣል። ሴቶቹ ዘፋኞችና ደራሲዎች መሆናቸው ይቀርና «አምላኪዎች» ይሆናሉ፤ ዘፈናቸውም ጸሎት ስለ ተባለ ከጥንት የተወረሰና የማይለወጥ ነገር ይመስላል። ጸሎት ነው ከተባለ ማን ደረሰው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

፬

ሁለተኛው አቀራረብ የጽሑፍ ሰብሳቢዎቹ ነው። ከእነርሱ መካከል ታላቁ ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተሙት የኦሮሞ የቃል ሥነ ጽሑፍ ጥራዝ ለዚህ ጥናት ያደረጉት ውለታ ሊዘነጋ አይችልም። ቋንቋውን በጥንቃቄ ጽፈዋል፤ ታሪኩንም አስረድተዋል። ይሁን እንጂ የሰበሰቡትን ብዙውን ክፍል ያገኙት በኢጣልያ ሳሉ ሎራንስዮስ ከተባለ ከአንድ የኦሮሞ ተወላጅ አፍ ነው። አንድ ሰው፣ ከአገሩ ርቆ፣ ተቀባይ በሌለበት፣ ለጸሐፊ የሚነግረው ዘፈን ምን ዐይነት ዘፈን ይሆናል? የጦር ግጥም ወይም የፉከራ ቃል ቢሆን አንድ ሰው ሊሸከመው ይችላል፤ ድሮም ያንድ ሰው ነውና። በብዙ አፍ የሚሠራው ግን በአንድ አፍ ሲነገር ግማሹ ይቀራል። የወንዶቹ ግጥም በመዝገባችን በርክቶ የሴቶቹ ዘፈን የሳሳበት አንዱ ምክንያት በዚህ ዘዴ ውስጥ ይገኛል።

የሰብሳቢዎቹ ታሪክ ያለ ሴት ታሪክ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። በልጅነትዋ ለባርነት ተዳርጋ ነጻ ከወጣች በኋላ በምጽዋ አጠገብ በእምኵሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረችው አስቴር ጋኖ፣ ወደ 500 የሚጠጉ የኦሮሞ ዘፈኖችን፣ ተረቶችንና እንቈቅልሾችን ከትዝታዋ ሰብስባ ጽፋለች፤ ብዙዎቹም እ.ኤ.አ. በ1894 ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው የኦሮሞኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታትመዋል። አስቴር የአርሲ ተወላጅ አይደለችም። ነገር ግን ከአገርዋ ርቃ የኖረች ሴት የአገርዋን ዘፈን ተሸክማ በሌላ ስፍራ ከሌላ ሰው ጋር ሥራ ላይ ማዋልዋ በመጠኑ የአርሲዋን ሙሽራ ዕድል ይመስላል። በአስቴርና በቼሩሊ መካከል ያለውን ልዩነት ያስተዋለ ተማሪ ብዙ ይማራል፤ ቼሩሊ ከርቀት ሰበሰቡ፤ አስቴር ርቀቱን ራስዋ ኖረችበት።

፭

ሦስተኛው አቀራረብ ከሁሉ ይበልጥ ወደ እውነቱ የቀረበ ነው። እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባሕል ተመራማሪ ፖል ባክስተር በአርሲ ደጋ ተቀምጠው ካጠኑ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 «አቴቴ በአንድ የአርሲ ደጋ ጉርብትና» የሚል ትርጕም ሊሰጠው የሚችል ጽሑፍ አሳተሙ። በዚህ ጽሑፍ አቴቴ ከሰማይ ወርዶ ወደ ሰው ደጅ ደረሰ ማለት ይቻላል። ሴቶቹ ጎረቤታሞች፣ ሚስቶችና እናቶች ሆነው ይታያሉ፤ ሥርዐታቸውም በኑሮአቸው ውስጥ ቦታውን ያገኛል።

የምንቃወመው አንዲቱን «ጉርብትና» የምትለውን ቃል ነው። ቃሉ ለወንዶቹ እውነት ነው፤ አባቶቻቸውም በዚያው ነበሩ። ለሴቶቹ ግን ጉርብትናቸው ከጊዜ በኋላ የሠሩት ነገር ነው። አንዲቱ ከቆላ፣ ሌላይቱ ከተራራው ማዶ፣ ሦስተኛይቱ ከሌላ ጎሣ ምድር መጥተዋል። የእያንዳንዳቸው እናትና እኅት፣ ሲንቄዋን የሰጣትና ዘፈን ያስተማራት ሰው፣ ያለው በሌላ ስፍራ ነው። ስለዚህ ባክስተር በአንድ መንደር ያዩት አቴቴ የብዙ መንደሮች ጉባኤ ነበር። እያንዳንድዋ ሴት የትውልድ አገርዋ መልእክተኛ ሆና ትቆማለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ጥያቄውን ወደ ሥልጣንና ወደ መብት መለሱት። ወይዘሮ ኩዌ ኩምሳ እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ሲንቄ ባቀረቡት ጥናት የኦሮሞ ሴቶች ከገዳ ጐን ለጐን የቆመ የራሳቸው ሥርዐት እንደ ነበራቸው አስረድተዋል። ማሪት ቶሎ ኦስተቦም እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ጽሑፋቸው ዋዩ የሚለው ቃል የአርሲ ሴቶችን ክብርና መብት እንዴት እንደሚጠብቅ አብራርተዋል። እነዚህ ሥራዎች የሴቶቹን ኀይል መልሰው ሰጥተውናል፤ ያለ እነርሱም ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባልተቻለ ነበር። ሆኖም ዋና ጥያቄያቸው ሕግና ሥልጣን ስለ ሆነ ዘፈኑ በምስክርነት ይጠራል እንጂ እርሱ ራሱ እንዴት እንደ ተሠራ አይመረመርም። እኛ ግን ኀይሉ ከአሠራሩ ሊለይ አይችልም እንላለን። ይህንንም በሚከተለው ክፍል እናስረዳለን።

፮

ዘፈኑ በሚሠራበት ሰዓት የሚሆነውን እንመልከት። አውራጅዋ አንድ ቃል ታወጣለች። ይህ ቃል ገና ዘፈን አልሆነም፤ ለጉባኤው የቀረበ ሐሳብ ነው። ተቀባዮቹ ከወደዱት አንሥተው ይደጋግሙታል፤ ያን ጊዜ ዘፈን ይሆናል። ካልወደዱት፣ ወይም ከጉዳዩ ጋር ካልተስማማ፣ ወይም በደሉን ያለ ልክ ካከበደው፣ ድምፃቸው ይቀዘቅዛል፤ ሌላይቱም ሌላ ቃል ታወጣለች። ስለዚህ ተቀባይነት ማጀብ ብቻ አይደለም፤ መምረጥና ማረም፣ መፍረድም ነው። በጽሑፍ ዓለም አንዱ ደራሲ፣ ሌላው አራሚ፣ ሌላው አሳታሚ የሚባልበት የሥራ ክፍፍል በዚህ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ይፈጸማል።

አንድ ተከራካሪ፣ «ቃሎቹ ከጥንት የተለመዱ ናቸው፤ አዲስ ነገር የለበትም፤ እንግዲህ ድርሰት የሚባለው ምኑ ነው?» ሊለን ይችላል። መልሳችን እንዲህ ነው። የምርቃቱና የልመናው ቃል ብዙው የተለመደ መሆኑ እውነት ነው። በደሉ ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው። ይህ ሰው፣ ይህችን ሴት፣ በዚህ ቀን በደለ። የተለመደው ቃል ለዚህ ሰው ልክ ሆኖ መሰፋት አለበት፤ ጨርቁ አሮጌ ቢሆን እንኳ ስፌቱ አዲስ ነው። ለስፌቱም የሚሆነው ጨርቅ ከብዙ አገር የመጣ ነው። ከአንድ ስፍራ የመጣችው የምታውቀው የስድብ መንገድ ሌላይቱ ከምታውቀው ይለያል፤ የዜማው አወራረድ፣ የምሳሌው ከብትና ዛፍ እንኳ እንደየአገሩ ይለያያል። ሙሽራይቱ የባልዋን አገር ዘፈን ተቀባይ ሆና ትማራለች፤ ዕድሜዋ ሲገፋ አውራጅ ሆና ከእናትዋ የተማረችውን ትጨምርበታለች። ለወሊድ፣ ለለቅሶ፣ ለበዓል ወደ ወላጆችዋ ስትመለስ ደግሞ የባልዋን አገር ዘፈን ይዛ ትገባለች። ሲንቄ ከእናት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ዘፈኑም ይከተለዋል፤ በዚህ ዐይነት እርስ በርሳቸው ተያይተው የማያውቁ ሴቶች የአንድ ሥራ ተካፋዮች ይሆናሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። የተበደለችው ሴት በባልዋ አገር የሥጋ ዘመድ የላትም፤ ወንድሞችዋ ሩቅ ናቸው፤ በዙሪያዋ ያሉት ወንዶች የባልዋ ወገኖች ናቸው። ብቻዋን ተናግራ ባልዋን ብትሰድብ ስድብዋ በእርስዋ ላይ ይመለሳል። የምትደርስላት ጎረቤትዋም እንዲሁ እንግዳ ናት፤ እርስዋም ባል አላት፤ የእርስዋም ባል የበዳዩ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ይህን ቃል ማን ተናገረው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ መኖር የለበትም። አውራጅዋ ያወጣችው ቃል በተቀባዮቹ አፍ ካለፈ በኋላ የማን እንደ ነበረ አይታወቅም፤ አውራጅዋም በየጊዜው ትለወጣለች። በዳዩ የሚሰማው የአንዲት ሴት ቂም አይደለም፤ ከብዙ ጎሣ የተውጣጣ ድምፅ ነው። ቂሙን የሚወጣባት አንዲት ሴት አያገኝም፤ ያለው ምርጫ ከብቱን አርዶ ምርቃቱን መቀበል ነው።

እንግዲህ የስሙ መሰወር ዘፈኑ ከፍርድ ሥልጣን ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ ነው። «ደራሲው ያልታወቀ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሴቶቹ በብርቱ ጥበብ የሠሩትን ነገር እንደ መረጃ ጕድለት ይቈጥረዋል። መዝገቡ ላይ ባዶ መስሎ የታየው ስፍራ የሥራው እምብርት ነበረ።

፯

ይህ አሠራር በዓለም ላይ ብቻውን የቆመ አይደለም፤ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ ይጐላል።

ቅርባችን ካለው እንጀምር። ከአርሲ ደጋ ብዙ ተሳላሚዎች የዋቤ ሸበሌን ወንዝ ተሻግረው በባሌ ወደሚገኘው ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን ይሄዳሉ፤ ከባሌ፣ ከሐረርጌ፣ ከሶማሌ አገርና ከሌላም ስፍራ ከሚመጡት ጋር በዚያ ይገናኛሉ። ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዘው፣ ለሼህ ሁሴን ምስጋና እየዘመሩ በየመንደሩ ያልፋሉ። በዚህ መዝሙር ላይ አንድርዜየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት ጥናት፣ ገጣሚዎቹ የሼሁን ተአምራት በሙሉ ሳይተርኩ በጥቂት ቃል እየጠቀሱ እንደሚያልፉ ያስረዳል። ሰሚው ታሪኩን ስለሚያውቀው የቀረውን በልቡ ይሞላዋል። ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው፤ ተራርቀው የሚኖሩ ገጣሚዎችና ሰሚዎች አብረው ሊሠሩ የሚችሉት በጋራ የያዙት የታሪክ ጐተራ ስላላቸው ነው። ይሁን እንጂ በዚያ የሚጠቀሰው የአንድ ቅዱስ ሰው ሕይወት ነው፤ ገጣሚውም በምስጋናው የሚፈራው ነገር የለውም። አቴቴ ግን የሚናገረው በቅርብ ስላለ ሰው ነው፤ መሰወርም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የአማርኛ አንባቢ ደግሞ የቅኔን ነገር ማሰቡ አይቀርም። የቅኔ ተማሪ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ይማራል፤ የአንዱን ቤት መንገድ ወደ ሌላው ያመጣል። ርቀትና ጕዞ በዚያም የጥበብ ምንጭ ናቸው። ነገር ግን ቅኔው የተቀኘው ሰው ነው፤ ያማረ እንደ ሆነ ከነስሙ ይወሳል፤ ሌላው ቢሰርቀው ነውር ነው። በአቴቴ የሌላይቱን ቃል መውሰድ ግዴታ ነው፤ ካልተወሰደ ይሞታልና።

ከሩቅ አገር ብንወስድ፣ በጃፓን ሬንጋ የተባለው ሰንሰለታዊ ግጥም ብዙ ገጣሚዎች በየተራ እየቀጠሉ የሚሠሩት ነው፤ ባሾ የተባለው ታላቅ ገጣሚም (1644–1694 እ.ኤ.አ.) በዚህ ጥበብ የተመሰገነ ነበር። ሬንጋ የኅብረት ሥራ መሆኑ አቴቴን ይመስላል። ሆኖም በሬንጋ መዝገብ ላይ በየቍራጩ የገጣሚው ስም ይጻፋል፤ ጓደኝነቱ ስምን በማክበር የተመሠረተ ነው።

አልበርት ሎርድ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ዝነኛ መጽሐፍ የቃል ገጣሚ የተሸመደደ ጽሑፍ እንደማያነበንብ፣ በሚዘፍንበት ሰዓት እንደሚደርስ በደቡብ ስላቮች ዘፋኞች ምሳሌነት አስረድተዋል። ይህ ትምህርት ለእኛ ጥናት ትልቅ በር ከፍቷል። ነገር ግን በሎርድ መጽሐፍ ያለው ዘፋኝ ብቻውን ተቀምጦ መሣሪያውን እየመታ የሚዘፍን አንድ ወንድ ነው፤ ሰሚዎቹም ሰሚዎች ናቸው። በአቴቴ ሰሚ የሚባል ካለ በደጁ የቆመው በዳይ ብቻ ነው፤ የቀሩት ሁሉ ደራሲዎች ናቸው። ትምህርቱን ከውጭ አገር የተማርን ሰዎች መጽሐፉን እንደ ልብስ ወስደን በአርሲ ሴቶች ላይ ብንለካው እጅጌው አይደርስም፤ ልብሱን ማስፋት የእኛ ሥራ ነው።

፰

ይህ ክርክር ለሊቃውንት ጨዋታ ብቻ የሚሆን አይደለም። አቴቴ በብዙ ስፍራ ቀንሷል፤ የሃይማኖት መምህራን ስለ ተቃወሙት የተወበት አገር አለ። በሌላ በኩል ሲንቄ ክብር አግኝቷል፤ የገዳ ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ በየአደባባዩ ይጠራል፤ የባንክ መጠሪያም ሆኗል። በትሩ በርቀት ይጓዛል፤ ምልክት ነውና ለመጓዝ ይቀለዋል። ዘፈኑ ግን ያለ ተቀባዮቹ ሊጓዝ አይችልም። በመድረክ ላይ ሲቀርብ አንዲት ድምፀ መልካም ሴት በድምፅ ማጉያው ፊት ትቆማለች፤ ሌሎቹ አጃቢዎች ይሆናሉ፤ በዳይም የለም። ተቀባዮች መምረጥና መፍረድ ከቀረባቸው የቀረው ጣዕመ ዜማ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ሲወጣም ሕጉ የሚፈልገው ሊታወቅ የሚችል ደራሲን ነው፤ በሸክላ ወይም በምስል ያስቀዳችው ሴት ስምዋ ይታወቃል፤ ሳይታወቁ የደረሱት ሴቶች ግን በዚህ ዐይን ሲታዩ እንዳልነበሩ ይሆናሉ። ራሳቸውን ለመጠበቅ የሰወሩት ስም ሀብታቸውን የሚያሳጣ ሆነ ማለት ነው።

ርቀቱም ራሱ ተለውጧል። ዛሬ ከአርሲ ብዙ ወጣት ሴቶች ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች ይሄዳሉ። የጥንትዋ ሙሽራ ከተራራው ማዶ ብትመጣም ስትጮኽ የሚሰማት ጎረቤት ነበራት። በባዕድ ቤት ውስጥ ተዘግቶባት የምትበደለው ጩኸትዋን ማን ይሰማታል? አቴቴ የተሠራው ከወገን ለራቀች ሴት ወገን ለመሆን ነበር፤ ይህን ተግባሩን በሙሉ ልብ የሚመረምር ጥናት ስለ ትናንት ብቻ አያስተምረንም።

እንግዲህ ለሚመዘግቡት ምን እንበላቸው? አንዳንዶች ለደራሲዎቹ መብት በመቈርቈር፣ «እያንዳንዱን ቃል ማን እንዳወጣችው መርምረን በስምዋ እናሳትም» ይላሉ። ሐሳቡ በቅንነት የመጣ ቢሆንም አደገኛ ነው። በዳዩ ያላገኘውን ስም እኛ በመጽሐፍ አትመን እንሰጠዋለን። በሌላ በኩል «የሕዝብ ነው» ብሎ ማለፍ ደራሲዎቹን መካድ ነው። የመካከሉ መንገድ ይህ ይመስለናል። ዘፈኑን ከአንዲት ሴት አፍ ለብቻዋ አንጻፍ፤ ተቀባዮቹ ባሉበት እንስማው። አውራጅዋ ስንት ጊዜ እንደ ተለወጠች፣ የትኛው ቃል ተነሥቶ እንደ ተደጋገመ፣ የትኛው እንደ ወደቀ እንጻፍ፤ የወደቀው ቃል ስለ ሴቶቹ ፍርድ ከተነሣው ያላነሰ ያስተምራልና። ሴቶቹ ከየት ከየት እንደ መጡ በጥቅሉ እንጠይቅ፤ ይህን በማወቅ የአንድ መንደር ዘፈን የስንት አገር ሥራ እንደ ሆነ ይታያል። ግለሰብ ግን ከቃልዋ ጋር አናያይዝ። በርእሱ ሥር ደግሞ «ደራሲው ያልታወቀ» በማለት ፈንታ «በዚህ ስፍራ የተሰበሰቡ ያገቡ ሴቶች በኅብረት የደረሱት» ብለን እንጻፍ። ቃሉ ረዘም ይላል፤ ነገር ግን እውነት ነው።

ሰብሳቢዎቹ ቃሉን፣ ባክስተር ስፍራውን፣ ወይዘሮ ኩዌ ሥልጣኑን ሰጥተውናል። የቀረው አሠራሩ ነው፤ ይህም በአንድ ሰው ጽሑፍ የሚያልቅ አይደለም። ኦሮሞኛ የሚያውቁ፣ ይልቁንም ሴቶች የሆኑ ተማሪዎች ከየአገራቸው የሰሙትን አምጥተው ቢያጋጥሙት፣ አንዱ ያመጣውን ሌላው አንሥቶ ቢያርመው፣ ጥናቱም የሚያጠናውን ሥራ መምሰል ይጀምራል።